ጨጓራ የተባለው ድብርት

ታላቅ ወንድሜ መምህር ነው። የተማሪዎቹን ደብተር ተሸክሞ ወደ ቤት መምጣት፣ ከእራት በኋላም ሬዲዮ ከፍቶ በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም ማምሸት የሃያ ዓመት ልማዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ደብተሮቹ ሳይገለጡ ጠረጴዛው ላይ ይከመሩ ጀመር። ሬዲዮውም ተዘጋ። ሚስቱ ምን ሆነሃል ስትለው መልሱ «ደክሞኝ ነው» ብቻ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃና እስኪነጋ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ያድራል። ጠዋት ከአልጋው መውረድ አቀበት ሆነበት። የያዘውን ምሳ ሳይነካው ይዞት ይመለሳል።

ወደ ጤና ተቋም ሄደ፤ ጨጓራ ነው ተባለና የሚዋጥ ተሰጠው። በወሩ ተመለሰ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። በሦስተኛው ደግሞ ራስ ምታቱ ከዓይን ሊሆን ይችላል ተብሎ መነጽር ታዘዘለት። አራት ወር ሙሉ ሲመላለስ «ደስ የሚልህ ነገር አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛ ቤተሰቦቹም አልጠየቅነውም። እኔ ራሴ ስልክ ደውዬ «ደህና ነህ?» እለዋለሁ፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡታጅራና በአካባቢው የሕዝቡን ጤና ሲያጠኑ ቆይተዋል። በቡታጅራና በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ጤና ላይ ከሠሩት ሥራ ጎልቶ የሚወጣው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፣ ካርድ ያወጣሉ፣ ይመረመራሉ፤ ሕመማቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ ተመልሰው ይሄዳሉ። ስለዚህ ችግሩ ሰው እርዳታ አለመፈለጉ ብቻ አይደለም። ፈልጎ ሄዶም ስሙን ሳያገኝ ይመለሳል።

የስሙ ነገር ከባድ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ድብርት ቀላል ቃል ነው። ዝናብ ሲበዛ ይደብረናል፤ ስብሰባ ሲረዝም ይደብረናል። የጤና ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚለውን ቃል የሚመርጡትም በሽታውን ከዚህ ተራ ስሜት ለመለየት ነው፤ ቃሉ ግን ገና ወደ ገበያና ወደ ማጀት አልገባም። ከድብርት ቀጥሎ ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል «እብደት» ነው። በሁለቱ መካከል መቆሚያ ደረጃ የለም። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆየ፣ ለረጅም ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ ትልቅ ተቋም ነው፤ ስሙ ግን «አማኑኤል ያስፈልግሃል» ተብሎ ለስድብ እስከመዋል ደርሷል። እንዲህ ባለ ቋንቋ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ነገር ሁሉ ሲጨልምበት ማንም የማያፍርበትን ቃል ይመርጣል፤ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል፣ ልቤን ይጨንቀኛል፣ ጨጓራዬን ነው ይላል።

ይህን ሲል እየዋሸ አይደለም። እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የሕመም ስሜትን፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚመራው አንጎል ነው። ድብርት እነዚህን ሁሉ ያውካል፤ ማቃጠሉም መቆረጣጠሙም እውነተኛ ሕመም ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ሕመሙ ሆድ ላይ ስለተሰማ ምክንያቱም ሆድ ውስጥ ብቻ ይፈለግ ሲባል ነው።

ታዲያ በጊዜ ለመለየት ምን ይታያል? ሐኪሞች የሚይዟቸው ሁለት ዋና ምልክቶች አሉ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሚቆይ የከፋ ስሜት ወይም ባዶነት ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ደስ ይል የነበረ ነገር ጣዕሙን ማጣቱ ነው። ቢያንስ ከእነዚህ አንዱ ኖሮ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ሞትን ማሰብ ከመሳሰሉት ብዙዎቹ ተጨምረውበት፣ በየቀኑ በሚባል ደረጃ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ሥራንና ኑሮንም ካስተጓጎለ፣ መታየት ያለበት ሕመም ነው።

በመጽሐፍ እንዲህ ይጻፋል። በእኛ ቤት ግን ከከፋው ስሜት በፊት ሌላ ነገር ይታያል። ሰውየው ከዕድር መቅረት ይጀምራል፤ ቅጣት ይከፍላል እንጂ አይሄድም። ለቅሶ አይደርስም። ለቅሶ አለመድረስ ደግሞ በእኛ ዘንድ ትልቅ በደል ስለሆነ፣ ጎረቤት «ኮራብን» ይላል። ጠዋት ቡና ስትጠራ የኖረች ሴት ጀበናዋን ትሰቅልና «ዛሬ አልተመቸኝም» ትላለች፤ ነገም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ተማሪው ውጤቱ ሲወርድ ሰነፍ ይባላል። ባልየው በትንሽ በትልቁ ሲቆጣ ጠባዩ ተበላሸ ይባላል፤ ብዙ ወንዶች ላይ ድብርት የሚወጣው በእንባ ሳይሆን በብስጭትና በመጠጥ መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔ እንደማየው ትልቁ ጥፋታችን ይህ ነው፤ የሕመም ምልክቱን የጠባይ ጉድለት እናደርገውና በሽተኛውን ልንጠይቀው ሲገባ እንቀየመዋለን።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ሌላም ነገር አለ። በርካታ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ጠዋት ላይ ይብስባቸዋል፤ ወደ ማታ ትንሽ ቀለል ይላቸዋል። ጠያቂ የሚመጣው ደግሞ ማታ ነው። አብሮት ሻይ ጠጥቶ፣ ሲስቅም አይቶ፣ «ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ንጋት ላይ ያለውን ሰው የሚያውቀው አብሮት የሚያድር ብቻ ነው። ስለዚህ ሚስት ወይም እናት «ልጄ ልክ አይደለም» ስትል፣ ማታ ላይ ካየነው ይልቅ የእሷን ቃል ብንይዝ ይሻላል።

ጫትና መጠጥም ምልክቱን ይሸፍኑታል። ምርቃናው ለጥቂት ሰዓት ያነሳል፤ ሲወርድ ግን ከነበረው በታች ይጥላል፣ እንቅልፍም ይነሳል። እንቅልፍ ለማምጣት መጠጥ ይጨመራል። መጠጡ ለጊዜው ያስተኛል፣ ሌሊት ግን ያባንናል፤ በማግስቱም ስሜቱን ያወርደዋል። በዚህ አዙሪት ውስጥ የገባ ሰው ሱሱ ቀድሞ ይሁን ድብርቱ ራሱም መለየት ያቅተዋል። ለሐኪሙ ሁለቱንም መናገር አለበት፤ አንዱን ደብቆ ሌላውን ማከም አይቻልምና።

ሐዘን ከድብርት ይለያል፤ እኛም ሐዘንን እንዴት እንደምንይዝ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን ለኀዘንተኛው ደረጃ በደረጃ መውጫ መንገድ ሠርተንለታል። ያዘነ ሰው ሐዘኑ እንደ ማዕበል መጥቶ ይሄዳል፤ በመካከል የሟቹን ጨዋታ አንስቶ ይስቃል፤ ራሱን አይጠላም። ድብርት ያለበት ሰው ግን ማዕበሉ አይመለስለትም፤ ከሟቹ ይልቅ ስለ ራሱ ከንቱነት ያስባል፣ «እኔ ነበርኩ መሞት የነበረብኝ» ይላል። ሐዘኑ ወደዚህ ሲዞር አርባው ወጣ አልወጣ ብሎ መቁጠር ዋጋ የለውም።

ስለ አራስ ሴት ጥቂት ልቆይ። ባህላችን አራስ ብቻዋን አትተውም ይላል፤ ከትራሷ ሥር ብረት የሚያኖሩም አሉ። ብቻዋን አለመተዋ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ ሌሎች አገሮች ዛሬ ለማምጣት የሚደክሙበትን ድጋፍ እኛ ከጥንት አለን። ሆኖም ገንፎ የሚያገነፋው፣ ሕፃኑን የሚያጥበው ብዙ ሆኖ፣ እናቲቱን «አንቺስ?» የሚላት ላይኖር ይችላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ በብዙ ሴቶች ላይ ይታያል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቃል። ሳይለቅ ከቀጠለ፣ ልጇ የሌላ ሰው ልጅ መስሎ ከታያት፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እሷ መተኛት ካቃታት፣ ለከፋት ብሎ ከመደምደም በፊት ለጤና ባለሙያ መንገር ይገባል። ጥሩ አጋጣሚም አለ፤ ሕፃኑ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት ይወሰዳል። እናቲቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወንበር ላይ ስለ ራሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ሌላ ቀጠሮ አያስፈልጋትም። ድምፅ እየሰማች፣ የሌለ ነገር እየታያት ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት እያሰበች ከሆነ ግን ይህ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ ለነገ አያድርም።

«በዚህ ዘመን ያልተጨነቀ ማን አለ?» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። እውነትም ጦርነቱ፣ መፈናቀሉ፣ የኑሮ ውድነቱ ሰውን አንገላቷል። ነገር ግን ምክንያት ያለው ሕመም ሕመም አይደለም ያለ ማን ነው? ወባ ከረግረጉ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ረግረጉ እስኪደርቅ ድረስ በትኩሳት የሚንቀጠቀጠውን ሰው ሳናክም አንቀመጥም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ድብርት ከያዘው ደግሞ ሕክምናም ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምንም ሕክምና አያገኙም ይላል። «ሁሉም ተጨንቋል» የሚለው አባባላችን ለዚህ ቁጥር የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

ሕክምናው የት ነው? ብዙ ሰው አእምሮ ሲባል ወዲያው አማኑኤልን ያስባል፣ ከዚያም በፍርሃት ይቀራል። ኢትዮጵያ ግን በዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር መሠረት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሥልጠናው ሁሉም ቦታ እኩል አልደረሰም፤ የሠለጠነው ነርስ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ቢሆንም የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያው ነው። ከባድ ከሆነ ሪፈር ይጻፋል፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎችም በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆኑ እንደ ጅማ፣ ጎንደር፣ መቀሌ ባሉ ከተሞችም አሉ።

በሩ ላይ ሲደረስ የሚነገረው ቃል ወሳኝ ነው። ባለሙያው ፊት ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ «ጨጓራዬን» ከተባለ ጨጓራ ያክማል። ስለዚህ ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያዘጋጅ እመክራለሁ፤ «ሁለት ሳምንት አልፎኛል፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሥራዬን መሥራት አቅቶኛል» ዓይነት። ይህ ሲነገር የባለሙያው ጥያቄ ይለወጣል። መናገር ካቃተው አብሮት የሄደው ይናገርለት። ከዚህ በተጨማሪ ከዚህ በፊት ያለ ልክ የመደሰት፣ ሳይተኙ የማደር፣ ገንዘብ የመበተን ጊዜ ነበረ ወይ የሚለው መነገር አለበት፤ ያ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላልና፣ ለድብርት የሚሰጠው መድኃኒት ለብቻው ከተሰጠ ሊያባብሰው ይችላል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም ድብርትን ስለሚመስሉ መመርመራቸው ጠቃሚ ነው።

ወንድሜን የረዳችው በመጨረሻ የሄደበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ያገኛት ወጣት ነርስ ናት። ያመጣቸውን የላቦራቶሪ ወረቀቶች ወደ ጎን አድርጋ «መምህር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ነገር ያስጠላዎት?» አለችው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እዚያው ወንበር ላይ እያለቀሰ መለሰላት። ከዚያም ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉበትን ወረቀት አወጣች። ጥያቄዎቹ በብዙ አገር የሚሠራባቸው፣ በአማርኛም በአገራችን ተፈትሸው ያለፉ ናቸው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ችግር ስንት ቀን እንደታየ ይጠየቃል፤ መልሱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ27 ነው። በብዙ ቦታ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በጥልቀት ይታያል። የወንድሜ 17 ነበር። አራት ወር ያልታየ ነገር በአሥር ደቂቃ ታየ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ይፈራል፤ ያላሰበውን እንዳላሳስበው ይላል። እንዲህ አይደለም። በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብቻውን ተሸክሞት የነበረውን ሰው ያሳርፈዋል። «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት የጀመረ፣ ንብረቱን የሚያከፋፍል፣ እንደ መሰናበት ያለ ነገር የሚናገር ሰው ካለ ብቻውን አይተው፤ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ከአካባቢው ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አሜሪካ ያለ ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 ወደሚባለው የአስቸኳይ የአእምሮ እርዳታ መስመር ቢደውል አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።

የሕክምናው መልክ እንደ ክብደቱ ነው። ቀለል ላለው ከባለሙያ ጋር በተከታታይ መነጋገርና ቀኑን በትንንሽ ሥራ እንደገና መሙላት ሊበቃ ይችላል። ከበድ ላለው መድኃኒት ይጨመራል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። እዚህ ላይ ማንም አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ቀድሞ ይመጣል። የማቅለሽለሹ፣ የአፍ መድረቁ፣ የመፍዘዙ ነገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሰማል፤ የስሜት ለውጡ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ መካከል ነው። ወንድሜም በአሥረኛው ቀን «መርዝ ነው የሰጡኝ» ብሎ ሊጥለው ነበር፤ እንዳይጥለው ያደረገው ነርሷ አስቀድማ ነግራው የነበረ መሆኑ ነው። በእነዚህ ሳምንታት በተለይ ወጣቶችን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። መድኃኒቶቹ እንደ ጫትና እንደ አረቄ ሱስ አያስይዙም፤ ግን በድንገት አይቋረጡም፤ ከተሻለ በኋላም ለወራት መቀጠል አለባቸው።

ጸበሉስ? ይህን ጥያቄ ማለፍ ሕዝቡን አለማወቅ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ብዙዎች በእንጦጦ ጸበል ላይ መድኃኒታቸውን ጥለው እንደነበር የምናስታውስ አለን። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ፤ ይህ ቃል ለስንቱ መትረፊያ ሆኗል። ለአእምሮ ሕክምናም እንዲህ ያለ ቃል ከየደብሩና ከየመስጊዱ እንዲወጣ እመኛለሁ። አማኝ ሰው ድብርት ሲይዘው ጸሎቱ ይደርቅበታል፤ «አምላክ ትቶኛል» ይላል፤ ይህ ራሱ የሕመሙ ድምፅ ሊሆን እንደሚችል የነፍስ አባቱ ቢነግሩት ከሐኪም ምክር እኩል ይሰማል። ጾሙም መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ሊዋጥ ይችላል፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር መመካከር ነው።

በባሕር ማዶ ስላሉትም አስባለሁ፤ በተለይ በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ስለሚሠሩት እኅቶቻችን። ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት፣ በወር አንድ ቀን ስልክ የምታገኝ ልጅ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ቤተሰብ ብሩን ሲያይ ደህና መሆኗን ያምናል። ድምፅዋ ሲሳሳ፣ ስለ ሰው መጠየቅ ስታቆም፣ ጥሪውን ስታሳጥር ልብ በሉ። «ደህና ነሽ?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አለው። «ሌሊት ትተኛለሽ? ትበያለሽ? የምታዋሪው ሰው አለ?» የሚሉት ግን በእግዚአብሔር ይመስገን አይዘጉም።

ወንድሜ መድኃኒቱን ዓመት ወስዶ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ አቆመ። ድብርት አንድ ጊዜ ከያዘ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ቀላል አይደለም፤ ከግማሽ ያላነሱት ሰዎች ዳግም ይይዛቸዋል። ይህን ያወቁት ባልና ሚስት በመካከላቸው አንድ ስምምነት አላቸው። ሬዲዮው ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት ከቀረ፣ ማንም ማንንም ሳያስረዳ፣ ሰኞ ጠዋት አብረው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ሄደዋል።